አዲስ አበባ ለምን ትጨናነቃለች? መልሱ ከወንዞቿ ይጀምራል

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ መገናኛ። የታክሲው ሰልፍ ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነስቶ ሱቆቹን ዞሮ እንደገና አስፋልቱ ጋ ደርሷል። ተራ አስከባሪው «ሦስት ሰው! ሦስት ሰው ብቻ!» ይላል። ሚኒባሱ ሞልቶ ይወጣና ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ ይቆማል። ከፊቱ ሌላ ሰልፍ አለ፣ የመኪና።

ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ «መንገዱን እንዲህ አስፍተውት፣ በመብራት አንቆጥቁጠውት፣ የምንቆመው አሁንም እኛው ነን» አለ። አጠገቡ የነበረች ልጅ ቀበል አድርጋ «መናፈሻ ተሠርቶልህ የለ፣ እዚያ ቁጭ ብለህ ጠብቃ» አለችው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

የልጅቷ ቀልድ ግን ቁም ነገር አለው። ስለ አዲስ አበባ ሲወራ መንገዱ ለብቻው፣ ፓርኩ ለብቻው፣ የፈረሰው ሰፈር ደግሞ ለብቻው ይነሳል። ዜናውም የሚደርሰን ተነጣጥሎ ነው። መሬት ላይ ስትወርዱ ግን ሦስቱ ተያይዘዋል፤ አንዱን ስትነኩት ሌላው ይንቀሳቀሳል። እንዴት እንደተያያዙ ለማየት ከመኪናው ሳይሆን ከተራራው መነሳት ይሻላል።

ወንዝ ከትራፊክ ጋር ምን አገናኘው?

አዲስ አበባ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ አይደለችም። በሰሜን በኩል እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። በደቡብ አቃቂ ከዚያ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እንጦጦ ላይ የጣለ ዝናብ መሄጃው አንድ ነው፤ ቁልቁል። ስለዚህ ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ቀጨኔም፣ ባንተይቀጡም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ኋላ በትልቁና በትንሹ አቃቂ አድርገው አባ ሳሙኤል ይገቡና ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ።

እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ ጣቶቻችሁን ዘርጉ። ጣቶቹ ሰፈሮች የተቀመጡባቸው ጉብታዎች ናቸው። በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ወንዝ ነው። በአንድ ጣት ላይ ከላይ ወደ ታች መሄድ ቀላል ነው። ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ለመሻገር ግን ድልድይ ያስፈልጋል።

ካላመናችሁኝ አንድ ቀን ከፒያሳ ተነስታችሁ በእግራችሁ ወደ መገናኛ ሂዱ። መጀመሪያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ወደ አራት ኪሎ ትወጣላችሁ። አራት ኪሎን አልፋችሁ ወደ ግንፍሌ ትወርዳላችሁ፣ ቀጥሎ ቀበና ድልድይ አለ፣ ከዚያ እንደገና ዳገት። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ልብ የማትሉትን ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ሚኒስትርም ይሁን ተማሪ፣ በእነዚህ ጥቂት ድልድዮች ማለፍ አለበት።

እንስራ ሆዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ውኃው የሚወጣው በአንገቱ ልክ ነው። የአዲስ አበባ አንገቶች ድልድዮቿና አደባባዮቿ ናቸው። በሁለት አደባባዮች መካከል ያለውን መንገድ ከሁለት መስመር ወደ አራት ብታሰፉት የሰፋው ሆዱ ነው። አንገቱ ካልተነካ አራቱም መስመር መጥቶ እዚያው ይቆማል።

ወንዙ ሌላም መዘዝ አለው። ሰው ቤቱን ሲሠራ ፊቱን ወደ ጉብታው መንገድ፣ ጀርባውን ወደ ገደሉ አደረገ። የቤት ጀርባ ደግሞ ምን እንደሚጣልበት ይታወቃል። ወንዞቹ ቀስ በቀስ የከተማዋ ጓሮ፣ ቀጥሎም የቆሻሻ መውረጃ ሆኑ። በድሮው ጊዜ ደግሞ ሰው የሚፈራቸው ቦታዎች ነበሩ። ፒያሳ ግርጌ የነበረው «እሪ በከንቱ» ስሙን ያገኘው በዚህ ነው ይባላል። እዚያ ወንዝ ዳር ወንበዴ ቢይዝህ እሪ ብትል የሚደርስልህ አልነበረም።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ምን ይነግረናል?

ሁላችንም በቀን ሃያ ጊዜ እንለዋለን። ቃሉ የመጣው «ሰፈረ» ከሚለው ግስ ነው። ጦር ሰፈረ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አካባቢ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት በ1879 ዓ.ም. ነው። ቤተ መንግሥቱ ጉብታ ላይ ሲቀመጥ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጉብታ ያዙ። በእያንዳንዱ ጌታ ግቢ ዙሪያ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ አንጥረኛው ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው።

ይህ አሰፋፈር ሁለት ነገር አወረሰን። የመጀመሪያው ሀብታምና ድሃ ጎን ለጎን መኖሩ ነው። ከቪላው አጥር ሥር የጭቃ ቤት፣ ከጭቃ ቤቱ አጠገብ ሱቅ። ሰው ከሚሠራበት ብዙም አይርቅም። ሁለተኛው መንገድ ኋላ መምጣቱ ነው። በሌላ አገር አንዳንድ ከተሞች መጀመሪያ መንገድ ተሰምሮ ቤት ይሠራል። እኛ ጋ መጀመሪያ ሰው ሰፈረ፤ መንገዱ ከሰፈር ሰፈር የሚወስደውን የእግርና የበቅሎ ዱካ ተከትሎ መጣ። ታክሲ ውስጥ መንገዱ ያለ ምክንያት ሲጠማዘዝባችሁ ምናልባት የምትሄዱት በአንዲት በቅሎ ምርጫ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። በዚያ ወር የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው የተወለደው ያኔ ነው። ኪራዩ እጅግ ርካሽ ነው፤ ቤቱ ግን የተከራዩ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ኖሮበት እንኳ ተከራይ ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኮሪደር ስንመጣ እንፈልጋታለን።

መንገድ ሲሰፋ ለምን አይቀልም?

ብዙ ሰው መንገድን የሚለካው በስንት መኪና ነው። የከተማ መንገድ የሚነድፉ ባለሙያዎች ግን የሚቆጥሩት ሰው ነው። እነሱ እንደሚገምቱት ሦስት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ የመንገድ መስመር በቤት መኪና ብቻ ከተያዘ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያንኑ መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ብትለቁት ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያልፍበታል። ያንኑ ስፋት የእግረኛ መንገድ ብታደርጉት እስከ 9,000 ሰው። አስፋልቱ ያው ነው። የሚለየው የተሰጠው ለማን ነው የሚለው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቪትዝ ይዞ ሲወጣ የሚይዘው ቦታ አንድ ትንሽ ክፍል ያክላል። ሚኒባስ በዚያ ላይ ትንሽ ጨምሮ አሥራ ሁለት ሰው ይዟል፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ካለ ደግሞ አሥራ አምስት።

ሌላው ምስጢር ሰው ክፍት መንገድ ሲያይ መውጣቱ ነው። አዲስ የተከፈተ መንገድ በመጀመሪያው ወር ባዶ ነው። ወሬው ይዳረሳል። በሌላ በኩል ይሄድ የነበረው ይመጣል፣ በታክሲ ይሄድ የነበረው መኪና ይገዛል፣ ማታ ይሄድ የነበረው በሥራ መውጫ ሰዓት ይወጣል። ሰፈር ውስጥ አንድ ቧንቧ ውኃ ሲመጣ ጀሪካኑ ከየት ከየት እንደሚሰበሰብ አስቡት። ልክ እንደዚያ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ይህን ስነግረው የማይገረም ሰው አላጋጠመኝም። ከተማዋ የእግረኛ ከተማ ናት። ሆኖም ለአሥርት ዓመታት እግረኛ የተሰጠው ከቦዩ ክዳን የተረፈው፣ ክዳኑም የተሰበረው መንገድ ነበር። ቀለበት መንገድ ሲሠራ መሐሉ ታጠረ። ትምህርት ቤቱ ማዶ፣ ቤቱ ወዲህ የሆነ ልጅ የማቋረጫ ድልድይ ፍለጋ ሩቅ ከመሄድ አጥር መዝለል መረጠ። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች የሆኑት እንዲሁ አይደለም።

ባቡሩስ ምን ነካው?

ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን ለመሽከርከር ብቻ ተሳፍረናል፤ ቲኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መስመር ተከተለ። በሁለቱም መስመር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ አብዛኛው ገንዘብ የቻይና ብድር ነው።

ከጅምሩ ሁለት ማነቆ ነበረው። ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እዚህ ላይ የሁለቱም ባቡሮች ተራ እየጠበቁ ስለሚገቡ፣ በሌላው ቦታ ባቡር ማብዛት ብትፈልጉ እንኳ እዚህ ይገታችኋል። እንስራው እንደገና መጣ። ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። የባቡሩ ዕቃ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪ ሲጠፋ አንዱ ባቡር ቆመ፤ ለሌላው መለዋወጫ ሆነ፤ ከዚያም ሌላው ቆመ። 41 የነበሩት እያነሱ ሲሄዱ የጥበቃው ጊዜ ረዘመ፣ ግፊያው በረታ።

በመሬት ላይ የሚሄድበት ክፍል ደግሞ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ማዶ ለማዶ ቡና ይጠራሩ የነበሩ ሰዎች ለመገናኘት ሩቅ ዞረው ይሻገራሉ። ባቡር ሰውን ያገናኛል ሲባል ትክክል ነው። በርዝመቱ ያገናኛል፤ በወርዱ ግን ይለያያል።

ኮሪደር ልማት በትክክል ምንድን ነው?

ኮሪደር ቤት ውስጥ ክፍልን ከክፍል የሚያገናኝ መተላለፊያ ነው። የከተማ ባለሙያዎች ቃሉን ሲጠቀሙ አንድን ዋና መንገድ ከግራና ቀኙ ጋር ማለታቸው ነው። አስፋልቱን፣ የእግረኛውን መንገድ፣ ከሥር ያለውን ቱቦ፣ ዳሩ ላይ ያሉትን ሕንፃዎች ሁሉ እንደ አንድ ሥራ ይይዙታል። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2016 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ቦሌን፣ መገናኛን፣ ሜክሲኮን የነካው ይኸኛው ነው። በ2017 የተጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ካዛንቺስ የፈረሰው በዚህኛው ነው።

ብዙ ሰው ኮሪደር ሲባል የሚታየው ቀለምና መብራት ነው። ዋናው ሥራ ግን የማይታየው ነው። ድሮ አንዱ መሥሪያ ቤት ያነጠፈውን አስፋልት ሌላው በወሩ መጥቶ ለቱቦ ይቆፍረው ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ የውኃው፣ የፍሳሹ፣ የስልኩና የኤሌክትሪኩ መስመር አንድ ላይ ይቀበራል። ከዚያ በላዩ አስፋልት፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ሣርና ዛፍ ይመጣል። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የሄደ ሰው ልዩነቱን ይመሰክራል። ቅርብ ጊዜ አንዲት እናት ልጇን በጋሪ እየገፋች ስትወርድ አየሁ። ከዚህ ቀደም በዚያ መንገድ ጋሪ መግፋት የማይታሰብ ነበር።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ቦታ ከየት መጣ? ባዶ መሬት አልነበረም፤ ሰው ይኖርበት ነበር። ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ ካዛንቺስ። «የልማት ተነሺ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም፣ ያቺ የያዛችሁልኝ ነጥብም የምትመጣው እዚህ ጋ ነው። የግል ባለይዞታ ምትክ ቦታና ካሳ ይመለከተዋል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለቤት ስላልሆነ የቤት ካሳ የለውም፤ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይቀርብለታል። በደባልነት የሚኖረው ወይም ከተከራይ የተከራየው ስሙ መዝገብ ላይ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ከሒሳቡ ውጪ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ እነዚህ ሦስቱም ነበሩ። ስለዚህ ስለ ኮሪደር ሁለት ሰው ጠይቃችሁ ሁለት የማይገናኝ ታሪክ ብትሰሙ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

የከተማው አስተዳደር ሰዎቹ ሽንት ቤት እንኳ በወግ ከሌለው ጎስቋላ ቤት ወደ ተሻለ መኖሪያ ገብተዋል ይላል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ደግሞ በሚያዝያ 2017 ሰዎች ያለ በቂ ምክክር፣ ማስጠንቀቂያና ካሳ መነሳታቸውን ጠቅሶ ማፍረሱ እንዲቆም ጠይቋል።

እኔ ግን ብዙም የማይነገር አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። ፒያሳ ጀርባ ትኖር የነበረች ጉልት ቸርቻሪ ወደ ሥራዋ የምትሄደው በእግሯ ነበር። አምስት ደቂቃ። ልጆቿ ትምህርት ቤት በእግራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን በእግር፣ ገበያ በእግር። ያ ቤተሰብ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሲገባ ቤቱ ተሻሽሏል፤ ግን በቀን ስምንት የእግር ጉዞ የነበረው ስምንት የታክሲ ጉዞ ሆነ። ይህንን በሺዎች አባዙት። የመገናኛው ሰልፍ ውስጥ ከቆሙት ስንቶቹ ድሮ እግረኞች ነበሩ? መንገዱ ሲሰፋ መንገደኛውም በዝቷል።

ይህ በኮሪደር የተጀመረ ነገርም አይደለም። ኮንዶሚኒየሞቹ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ እያሉ ወደ ዳር ሄዱ፤ ምክንያቱም ባዶና ርካሽ መሬት ያለው እዚያ ነበር። ሥራው፣ ሆስፒታሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን መሐል ከተማ ቀረ።

ፓርኩ ለምን ወንዝ ዳር ሆነ?

ወንዙ የከተማዋ ጓሮ ነበር ብያለሁ። ፕሮጀክቱ ጓሮውን ፊት ለፊት ማድረግ ነው። «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ሐሳብ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የሚያለማ ነበር። ገንዘብ ለማሰባሰብ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ «ገበታ ለሸገር» የተባለ እራት ተዘጋጀ። መቀመጫው አምስት ሚሊዮን ብር፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚያ የከበረ እራት መኖሩን እንጃ። አንድነት ፓርክ መስከረም 2012 ተከፈተ። ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት ጳጉሜን፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ተከተሉ።

ውበቱን ትተን የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ ሥራ አለው። ዝናብ ሲጥል አፈር እንደ ስፖንጅ ነው፤ ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። አስፋልትና ሲሚንቶ ግን እንደ ምጣድ ነው፤ የፈሰሰበትን ሁሉ ወዲያው ያወርዳል። ከላይ ያለው ሰፈር በሲሚንቶ በተሸፈነ ቁጥር ታች ያለው ሰፈር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፍ ይቀበላል። ወንዙ ዳር ለጎርፉ መዋያ ቦታ ከተተወለት ግን ሞልቶም ቤት አይገባም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ወንዝ ዳር ተብሎ ግራና ቀኙ በድንጋይና በሲሚንቶ ከተገነባ ለዓይን ያማረ ምጣድ ሆነ እንጂ ስፖንጅ አልሆነም። ፓርክ ስትገቡ ምን ያህሉ አፈር፣ ምን ያህሉ ንጣፍ እንደሆነ ልብ በሉ።

ዛፍን በተመለከተ አዲስ አበባ የቆየ ታሪክ አላት። ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ማገዶ አለቀ። አካባቢው ተራቆተና አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል። ባህር ዛፍ ባይኖር ዛሬ መገናኛ ላይ የሚሰለፍ ሰው ባልኖረ ነበር። ዋጋው ግን አለ። ብዙ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም፣ አፈሩም ለጎርፍ ይጋለጣል። ከ700 ሄክታር በላይ የሆነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በዚያው ተራራ ላይ የሀበሻ ጥድን፣ ወይራን፣ ኮሶን መልሶ የሚያለማው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ብትወጡ ሁለት ዓይነት ሰው ዳገቱ ላይ ታያላችሁ። አንዱ በቱታ የሚሮጠው ነው። ሌላዋ ከጀርባዋ የሚበልጥ የባህር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርደው ሴት ናት። ለአንዱ መናፈሻ፣ ለሌላዋ ማገዶ። ሁለቱም ዛፉን ይፈልጉታል።

መንገድና ባህል ምን አገናኛቸው?

መስቀል አደባባይን ውሰዱት። በዓመት ሦስት መቶ ምናምን ቀን የከተማዋ ትልቁ መጋጠሚያ ነው። መስከረም 16 ግን ደመራ ይሆናል። በኅዳር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የታላቁ ሩጫ ሕዝብ በአንድ ዓይነት ቲሸርት ይሞላዋል። በ2013 ታድሶ ሲከፈት ከሥሩ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶለታል። መኪናው ወደ ታች፣ ሰዉ ወደ ላይ። ከከተማዋ ሥራዎች ሁሉ ለእኔ በጣም የሚገባኝ ይሄኛው ነው።

ጥምቀት ደግሞ መንገዱን ሁሉ ይወስደዋል። ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ የየሰፈሩ ወጣቶች አስፋልቱን ይጠርጋሉ፣ ቄጠማ ይነሰንሳሉ። ቀይ ምንጣፍ ከታቦቱ ፊት ያነጥፋሉ፣ ካለፈ በኋላ ጠቅልለው ሮጠው እንደገና ከፊት ያነጥፋሉ። ለእነዚያ ሰዓታት የመንገዱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሁለቱም በዓላት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል፤ መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012።

ኅዳር 2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ይህንኑ በዓል በሌለበት ቀን የሞከረ ነው። ዋና መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ይዘጋሉ፣ ልጆች ብስክሌት ይለማመዳሉ። ሐሳቡ በሌላም ዓለም አለ፤ ኮሎምቢያ ቦጎታ ከ1970ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ እሑድ እሑድ ታደርገዋለች። ያን ቀን መንገድ ላይ ከሚሰማችሁ ነገር ሁሉ የሚገርመው ድምፁ ነው። የጥሩንባው ጩኸት ሲጠፋ ሰው ሲያወራ ይሰማል።

ኤሌክትሪክ መኪና ይገላግለናል?

ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል። መነሻው የነዳጅ ወጪ ነው፤ ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ስሌቱ ያስኬዳል። ጭሱም ይቀንሳል። ድልድዩ ላይ ግን የኤሌክትሪክ መኪናም የሚይዘው ቦታ ያው ነው። ያለ ጭስ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደ ሌላው ይቆማል። አንድ መስመር ለብቻው የተለቀቀለት አውቶቡስ፣ በናፍጣም ቢሄድ በኤሌክትሪክ፣ ሰልፉን ይበልጥ ያሳጥረዋል። አንበሳ አውቶቡስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዚህች ከተማ አለ፤ ችግሩ እሱም ከቪትዙ ኋላ ተሰልፎ መቆሙ ነው።

አክስቴ ከአራት ኪሎ ጀርባ ወደ ከተማው ዳር ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ቤቱን ትወደዋለች፤ ውኃው ፎቅ ድረስ ይመጣል፣ ሽንት ቤቱ የራሷ ነው። እድሯን ግን አልቀየረችም። በወር አንዴ እሑድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። አንድ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሁለት ታክሲ። ባለፈው አብሬያት ሄድኩ። ግንፍሌ ስንደርስ ታክሲው ቆመ። በመስኮት ወደ ወንዙ አየችና «ድሮ እዚህ ጋ ነበር ወርጄ በእግሬ የምሄደው» አለች። ከዚያ ረዳቱን ትከሻውን መታ አድርጋ «ወራጅ አለ!» አለችና ወረድን።